የምርምርና ሥልጠና ማዕከላት ውጤት፡ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ እስከ ሺንሺቾ ማሳ

በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምርና የሥልጠና ማዕከላትን ለማቋቋም ባለፉት አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ከፍተኛ መዋዕለ ንዋይ ፈሷል። ኢትዮጵያም የዚሁ ጥረት ተካፋይ በመሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስት፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ አህጉራዊ የልህቀት ማዕከል አቋቁማለች። ማዕከላቱ የተቋቋሙት በብድር በተገኘ ገንዘብ ነው። ብድር ተመላሽ እንደመሆኑ መጠን፣ የፈሰሰው ገንዘብ ምን ለውጥ አስገኘ፣ ለውጡስ በምን ይለካል የሚለው ጥያቄ ከተመራማሪው አልፎ የመንግሥት ሠራተኛውና የሥራ ኃላፊው ሁሉ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከምባታ ዞን፣ በቃጫ ቢራ ወረዳ የምትገኘው ሺንሺቾ ከተማ ከእነዚህ ማዕከላት አንዱም የለባትም። በአቅራቢያዋ የሚገኘው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ዋና ግቢው በሆሳዕና የሆነው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው በዱራሜም ካምፓስ አለው። ይሁን እንጂ ብድሩን የሚመልሰው የአገሪቱ ግብር ከፋይ ነውና የሺንሺቾ ነጋዴና የዙሪያዋ አርሶ አደርም የዕዳው ተካፋዮች ናቸው። ከዚህ አኳያ ለማዕከላቱ የወጣው ገንዘብ ፋይዳ በመጨረሻ የሚመዘነው፣ ማዕከል በተሠራበት ግቢ ብቻ ሳይወሰን፣ እንደ ሺንሺቾ ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች በሚታየው ለውጥ መሆን ይኖርበታል።

ከወጪ ወደ ውጤት

የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላት መርሐ ግብር በመጀመሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ነበር። የዓለም ባንክ የዳይሬክተሮች ቦርድ በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካውን ምዕራፍ አጸደቀ። ለዚሁ ምዕራፍ የተመደበው 140 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ዛምቢያ ናቸው። በስምንቱ አገሮች 24 ማዕከላት በውድድር የተመረጡ ሲሆን፣ የማስተባበሩን ሥራ መቀመጫውን ካምፓላ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ምክር ቤት እንዲያከናውን ተደርጓል። የኢትዮጵያ ድርሻ 24 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህም ለእያንዳንዱ ማዕከል በአማካይ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋሙት ሦስቱ ማዕከላት በመድኃኒት ግኝትና በሕክምና ሙከራ፣ በውኃ አስተዳደር እንዲሁም በባቡር ትምህርትና ምርምር ላይ የሚሠሩ ናቸው። የሐረማያው ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥን በሚቋቋም ግብርናና በብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ላይ ያተኩራል። አራቱም ከአገር ውስጥ ተማሪዎች በተጨማሪ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብለው በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ እንዲያሠለጥኑ ታስበው የተቋቋሙ ናቸው።

መርሐ ግብሩን ከቀድሞዎቹ ፕሮጀክቶች የሚለየው ዋና ነገር የገንዘብ አለቃቀቁ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ፕሮጀክት ገንዘቡን የሚያወራርደው ደረሰኝ በማቅረብ ነው። ሕንፃው ከተሠራ፣ ተሽከርካሪው ከተገዛ፣ በጀቱም ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ከዋለ አፈጻጸሙ ጥሩ ነው ይባላል። በልህቀት ማዕከላቱ ግን አብዛኛው ገንዘብ የሚለቀቀው አስቀድሞ ስምምነት የተደረሰባቸው ውጤቶች መገኘታቸው ሲረጋገጥ ነው። የተመዘገቡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ የአጭር ጊዜ ሠልጣኞች፣ በታወቁ መጽሔቶች የታተሙ ጽሑፎች፣ ዓለም አቀፍ የጥራት ዕውቅና፣ ወደ ሥራ ቦታ ለልምምድ የተላኩ ተማሪዎችና መምህራን፣ ማዕከሉ ከራሱ ጥረት ያገኘው ገቢ፣ እንዲሁም የሒሳብና የግዥ ሪፖርት በወቅቱ መቅረቡ እየተቆጠሩ ክፍያ ይፈጸማል። ከሌላ የአፍሪካ አገር ለመጣ ተማሪና ለሴት ተማሪ የሚሰጠው ክብደት ከፍ ያለ ነው። ቁጥሮቹንም ከማዕከሉ ውጪ የሆነ አካል እንዲያረጋግጣቸው ይደረጋል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ፍጹም እንግዳ አይደለም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥና የውጤት ተኮር ሥርዓት ሲተገበሩ፣ ቀጥሎም በ2004 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት በጀት ወደ ፕሮግራም በጀት ሲሸጋገር፣ መሥሪያ ቤቶች ምን ያህል እንዳወጡ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳስገኙ እንዲናገሩ ይጠበቅባቸው ነበር። በከፍተኛ ትምህርትም ተመሳሳይ እርምጃ ታይቷል። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተጀመረው የመውጫ ፈተና ከተፈተኑት 150,184 ዕጩ ተመራቂዎች መካከል ያለፉት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ነበሩ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተቋማት ስኬት ይገለጽ የነበረው በተመራቂ ብዛት ስለነበር፣ ፈተናው በብዛትና በብቃት መካከል ያለውን ርቀት በአንድ ጊዜ ገሃድ አውጥቶታል። ተገቢ መለኪያ መኖሩ የተሠወረውን ለማየት እንደሚያስችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የቁጥሩ ወሰን

ይሁንና በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው። የዕቅድና የክትትል ባለሙያዎች እንደሚያውቁት የአንድ ሥራ ውጤት በአራት ደረጃዎች ይታያል። የመጀመሪያው ግብዓት፣ ሁለተኛው ክንውን፣ ሦስተኛው የቅርብ ውጤት፣ አራተኛው ደግሞ ዘላቂ ለውጥ ነው። ለቤተ ሙከራ የወጣው ገንዘብ ግብዓት ነው። በቤተ ሙከራው የተሰጠው ሥልጠና ክንውን ነው። የተመረቀው ባለሙያና የታተመው ጽሑፍ የቅርብ ውጤቶች ናቸው። ባለሙያው በተመደበበት ቦታ የሠራው ሥራ፣ ጽሑፉም የቀየረው አሠራር ዘላቂ ለውጥ ይባላል። የልህቀት ማዕከላቱ መለኪያዎች በአብዛኛው የሚቆሙት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

ለዚህ ምክንያት አለው። ገንዘብ የሚለቀቀው በመለኪያው መሠረት እስከሆነ ድረስ መለኪያው በፕሮጀክቱ ዕድሜ ውስጥ የሚደረስበትና በቀላሉ የሚረጋገጥ መሆን አለበት። የተማሪን ምዝገባ በሬጅስትራር መዝገብ ማረጋገጥ ይቻላል። ተማሪው ከተመረቀ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚሠራና ምን እንደለወጠ ማረጋገጥ ግን ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የሚከናወን ሥራ ነው። ስለዚህ ችግሩ የመርሐ ግብሩ አዘጋጆች ስህተት ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ቆጠራውን የሚቀጥል የአገር ውስጥ ባለቤት መኖር አለመኖሩ ነው ዋናው ጉዳይ።

ክፍያን ከቁጥር ጋር ማያያዝ ሌላም አደጋ አለው። ተቋማት የሚቆጠረውን ነገር ለማብዛት ሲሉ የማይቆጠረውን ሊዘነጉ ይችላሉ። የሚከፈለው በታተመ ጽሑፍ ከሆነ አንድ ጥናት ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ሊታተም፣ ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ ወደሚያትሙ መጽሔቶችም ሊላክ ይችላል። የሚከፈለው በተመዝጋቢ ብዛት ከሆነ የሚማረውን ያህል አማካሪ መምህር መኖሩ ችላ ሊባል ይችላል። በዚህ ረገድ ጽሑፉ በታወቀ መጽሔት መታተሙን፣ ሥልጠናውም ዓለም አቀፍ የጥራት ዕውቅና ማግኘቱን እንደ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጡ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም።

ሦስተኛው ችግር የተገኘው ለውጥ የማን ውጤት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። ለዚህ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የባቡር መስመር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። መስመሩ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ሲጀምር ሥራውን ያካሂዱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ግን የሥራ አመራሩ በርክክብ ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ተሸጋግሯል። የባቡር ምህንድስና ሥልጠና አንዱ ትልቅ ዓላማ ይኸው እንደመሆኑ ርክክቡ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው። ይሁንና ባለሙያዎቹ የሠለጠኑት በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቻይናም፣ በሥራ ላይም፣ በአገር ውስጥ ተቋማትም ጭምር ነው። በመሆኑም ርክክቡን በሙሉ ለአንድ ማዕከል መስጠት ልክ አይሆንም፤ የማዕከሉን ድርሻ ፈጽሞ አለመቁጠርም እንዲሁ። ትክክለኛው መንገድ በመስመሩ ላይ ከሚሠሩት መሐንዲሶች ስንቱ በማዕከሉ እንደተማሩ፣ በውጭ ባለሙያ ይሠራ የነበረውንም የትኛውን ሥራ እንደተረከቡ በስም ዝርዝር መያዝ ነው።

ጊዜ የፈተናቸው ተሞክሮዎች

በምርምርና ሥልጠና ላይ የተደረገ መዋዕለ ንዋይ ምን እንደሚያፈራ ለማየት ከሆሳዕና ብዙም ሳይርቁ ቡታጅራን መመልከት ይቻላል። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በስዊድን መንግሥት የምርምር ድጋፍ በ1979 ዓ.ም. አካባቢ ተቋቋመ። ፕሮግራሙ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪውን ዝውውር በቤት ለቤት ጉብኝት መመዝገብ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ሥራ በወጪና በተመራቂ ብዛት ብቻ የመዘነ ሰው ከመዝገብና ከጥቂት ጥናቶች በስተቀር ብዙ የሚቆጥረው ነገር አያገኝም ነበር።

የመዝገቡ ጥቅም የታየው ቆይቶ ነው። በርካታ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ጥናታቸውን በዚሁ መዝገብ ላይ መሥርተዋል። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ68 ሺሕ በላይ ጎልማሶችን ያዳረሰው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናትም የተካሄደው በዚሁ በቡታጅራ አካባቢ ነው። ከዚህ የተገኘው ልምድ በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ መቻሉን ለፈተሸው ሥራ መሠረት ሆኗል። ከቡታጅራ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መነሻው በትክክል ተመዝግቦ ከተያዘ መድረሻውን መለካት ይቻላል፤ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን።

ሁለተኛው ተሞክሮ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና ነው። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ከ11 አይበልጡም ነበር። ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግዴታ ስለነበር ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ ሳይመለሱ ይቀሩ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ጀመረ። የካናዳ መምህራን በዓመት ለተወሰኑ ጊዜያት፣ በእያንዳንዱም ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ያስተምሩ ጀመር። ተመራቂዎቹ በአብዛኛው በአገር ውስጥ ቀሩ፤ ቀስ በቀስም አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ። በኋላም ትብብሩ ወደ ሌሎች የሕክምናና የትምህርት ዘርፎች ሰፍቷል። በዚህ ተሞክሮ ውስጥ ዋነኛዎቹ መለኪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተመራቂው የት እንደሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የውጭው ድጋፍ ሲቀንስ ሥልጠናው በራሱ መቆም መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ተሞክሮ ከናይጄሪያ የተገኘ ነው። በሐምሌ ወር 2006 ዓ.ም. የኢቦላ በሽታ በአንድ መንገደኛ አማካይነት ሌጎስ ሲገባ፣ የሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ቤተ ሙከራና በሬዲመርስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የተላላፊ በሽታዎች ጂኖሚክስ ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን በአገር ውስጥ በጥቂት ቀናት ለይተው አረጋገጡ። ይህም ከታማሚው ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ፈጥኖ ለመከታተል አስቻለ። በሽታው በ20 ሰዎች ላይ ብቻ ተወስኖ፣ ስምንቱ ከሞቱ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ናይጄሪያን በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. ከኢቦላ ነፃ መሆኗን አወጀ። ይኸው ማዕከል በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስን ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ያደረገው በናይጄሪያ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ማዕከሉ በምዕራብ አፍሪካው መርሐ ግብር ከታቀፉት አንዱ ነው። እዚህ ላይ መለኪያው ጊዜ ነው፤ ችግሩ ከታየበት ዕለት መልስ እስከተገኘበት ዕለት ድረስ ያለው ርዝመት።

ከሺንሺቾ አካባቢ ሲታይ

ከከምባታ ዞን የተገኘ አንድ ክስተት በዚሁ የጊዜ መለኪያ ቢታይ ትምህርት ሰጪ ይሆናል። የከምባታና የወላይታ አካባቢዎች የአገሪቱ ዋነኛ የዝንጅብል አምራቾች ነበሩ። ዝንጅብል ለአርሶ አደሩ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ፣ ለነጋዴውም ወደ ማዕከላዊ ገበያ የሚላክ ሸቀጥ ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ግን ቅጠሉን አጠውልጎ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ በፍጥነት ተዛመተ። ብዙ ማሳዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደሙ፤ ብዙ አምራቾችም ዝንጅብል መትከል አቆሙ። የበሽታው መንስኤ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ በምርምር የተረጋገጠ ሲሆን፣ በተበከለ ዘርና በአፈር አማካይነት እንደሚተላለፍም ታውቋል።

ተመራማሪዎች የበሽታውን ስርጭት በየወረዳው አጥንተው ጽሑፎች አሳትመዋል። በቲሹ ካልቸር ዘዴ ከበሽታ ነፃ የሆነ ዘር ማባዛትና ሰብልን ማፈራረቅም ከቀረቡት መፍትሔዎች መካከል ናቸው። በተለመደው መለኪያ ይህ ሁሉ እንደ ውጤት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጠውላጋ ማሳ ከታየበት ቀን አንስቶ ናሙናው ቤተ ሙከራ እስኪደርስ፣ መንስኤው ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው እስኪነገር፣ ንጹሕ ዘርም ለአርሶ አደሩ እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ የትኛውም የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ዓመታዊ ሪፖርት የሚጠየቅበት መለኪያ አይደለም። ለአርሶ አደሩ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ይኸው ነው። በሌጎስ በቀናት የተቆጠረው ርቀት በእርሻው ዘርፍ በምርት ዘመናት ሲቆጠር ኑሮን ያናጋል።

እንሰትም ከዚህ ጋር የሚታይ ነው። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የምግብ መሠረት እንደሆነ የሚነገርለት ይህ ተክል የከምባታና የሀዲያ ቤተሰብ የክፉ ቀን ዋስትና ነው። ዋነኛ ጠላቱ የሆነው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በኢትዮጵያ ተመራማሪ ተሳትፎ በሳይንሳዊ መጽሔት የተገለጸው በ1960 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው ባክቴሪያ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ተከስቶ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። ለአህጉራዊ ማዕከላት አስፈላጊነት ይህ ራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ በአንዱ አገር የታወቀ በሽታ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባልና።

ለአጠውልግ በሽታ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለም። መከላከያው የታመመውን ተክል ፈጥኖ ማስወገድ፣ ቢላዋውንና ሌላውን መሣሪያ በእሳት ማጽዳት፣ ከብቶች ወደ ማሳው እንዳይገቡ መከልከልና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። አንዱ ጎረቤት ይህን ቢፈጽምና ሌላው ቢተወው ጥቅሙ አነስተኛ በመሆኑ መንደሩ በአንድነት መንቀሳቀስ ይኖርበታል። በወላይታ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰት ዝርያዎችን ሰብስቦ ሲያጠና ቆይቷል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የሴቶችን ድካም የሚቀንሱ የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን፣ እንዲሁም ቆጮን ቶሎ የሚያብላላ እርሾ አዘጋጅተዋል። የእነዚህ ሥራዎች ፋይዳ የሚታየው ቢላዋውን በእሳት የሚያጸዳው አባወራና መሣሪያውን በእጇ ያስገባችው እማወራ ሲቆጠሩ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እንደ ዋቸሞ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ድልድይ ናቸው። ዋቸሞ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረ ሲሆን፣ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያስተዳድራል። በአዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ መምህራን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱት በአብዛኛው ወደ ነባሮቹ ነው። ስለሆነም በአዲስ አበባና በሐረማያ የተከማቸው ዕውቀት ወደ ከምባታና ሀዲያ የሚደርስበት አንዱ ዋነኛ መንገድ ተምሮ የሚመለሰው መምህር ነው። በሌላ በኩል በዞኖቹ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ይታተማሉ። መረጃው የተሰበሰበበት ተቋም የጥናቱን ውጤት በጽሑፍ አግኝቷል ወይ፣ በውጤቱ መሠረትስ የለወጠው አሠራር አለ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ቀላል ቢመስሉም ትልቅ መለኪያዎች ናቸው።

ምን ይለካ? ማን ይለካ?

ከላይ የተጠቀሱት ተሞክሮዎች ተጠቃልለው ሲታዩ ነባሮቹን መለኪያዎች መተው ሳያስፈልግ የሚከተሉትን ማከል ተገቢ መሆኑን ያመለክታሉ። አንደኛ፣ ተመራቂዎች ከአንድ፣ ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚሠሩ የሚያሳይ መዝገብ መያዝ፤ ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉትንም ለይቶ ማስቀመጥ። ሁለተኛ፣ ችግር ከታየበት ቀን አንስቶ መልስ እስከተሰጠበት ቀን ያለውን ጊዜ መቁጠር። ሦስተኛ፣ ጥናት የተካሄደባቸው ወረዳዎችና ተቋማት ውጤቱ ተመልሶ እንደደረሳቸው ማረጋገጥ። አራተኛ፣ በምርምር ውጤት መሠረት የተለወጠ መመሪያ፣ የሥራ ማኑዋል ወይም አሠራር ካለ በስም መመዝገብ። አምስተኛ፣ ብድሩና ዕርዳታው ሲያበቃ ማዕከሉ ቤተ ሙከራውን ለማንቀሳቀስ፣ ኬሚካል ለመግዛትና ተማሪ ለመቀበል የሚያስችል ገቢ ያለው መሆኑን በየዓመቱ መፈተሽ ናቸው።

እነዚህን የሚቆጥረው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ በከፊል በወረዳ ደረጃ ይገኛል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል በሽታ ሪፖርት የደረሰበትን ቀን ይመዘግባል። ጤና ጽሕፈት ቤቱ ጥናት ለማካሄድ ለመጡ ተመራማሪዎች የፈቃድና የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤው ላይ የጥናቱ ውጤት የሚመለስበትን ጊዜ መጥቀስና ቀኑ ሲደርስ መጠየቅ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ይህን በማድረግ የሺንሺቾ አካባቢ ባለሙያ መረጃ ከመስጠት አልፎ ውጤትን የሚመዝን ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከወረዳዎች የሚመጣውን ምላሽ በዓመታዊ ሪፖርታቸው እንዲያካትቱ፣ ትምህርት ሚኒስቴርም ይህንኑ በአፈጻጸም ግምገማው ውስጥ እንዲመለከተው ማድረግ ይቻላል።

በዚህ ረገድ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሪፖርትን ከማብዛት መቆጠብ ነው። የወረዳ ባለሙያ ከየአቅጣጫው የሚላኩ ቅጾችን ሲሞላ የሚውል ከሆነ መሥራት ያለበትን ሥራ ይረሳል፤ ቁጥሩም በግምት መሞላት ይጀምራል። ጥቂት ነገር በትክክል መቁጠር ብዙ ነገር በግምት ከመቁጠር ይሻላል። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ምርምር ፈጥኖ ጥቅም እንዲሰጥ አለመጠበቅ ነው። የቡታጅራው መዝገብ በአምስተኛ ዓመቱ ቢዘጋ ኖሮ ዛሬ የሚጠቀስለት ፍሬ ባልተገኘ ነበር። መሠረታዊ ምርምርን በሙያ አቻዎች ግምገማ፣ ችግር ፈቺ ምርምርን ደግሞ በተጠቃሚው ምስክርነት መመዘን ሚዛናዊ አካሄድ ነው።

ጉዳዩ ችላ ሊባል የማይገባው ስለ ገንዘቡም ጭምር ነው። ብድሩ በውጭ ምንዛሪ የሚመለስ በመሆኑ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱን ዶላር ለመመለስ የሚያስፈልገው ብር እጅግ ጨምሯል። የአፍሪካ አገሮች ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርታቸው አንድ በመቶውን ለምርምርና ሥርፀት ለማዋል የገቡትን ቃል አብዛኞቹ ገና አላሟሉም። ከአገር ውስጥ በጀት ተጨማሪ ሀብት ለመጠየቅ ደግሞ ቀድሞ የወጣው ምን እንዳስገኘ በማስረጃ ማሳየት የግድ ይላል።

በአጠቃላይ ሲታይ ለምርምርና ሥልጠና ማዕከላት የሚውለው መዋዕለ ንዋይ ተገቢና ሊጠናከር የሚገባው ነው። ገንዘብ ከውጤት ጋር መያያዙም ትልቅ እርምጃ ነው። የቀረው ሥራ ቆጠራውን ከዩኒቨርሲቲው በር አሳልፎ ወደ ወረዳና ቀበሌ ማድረስ ነው። በሺንሺቾ ዙሪያ ያለ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የጠወለገ እንሰት ወይም ዝንጅብል አይቶ ናሙና ሲልክ፣ መልሱ በስንት ቀን እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማወቅ ከቻለ ማዕከላቱ ውጤት አምጥተዋል ለማለት በቂ ማስረጃ ይኖራል። እስከዚያው ድረስ በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች የተማሪንና የጽሑፍን ብዛት የሚያሳዩ ሠንጠረዦች ሲቀርቡላቸው፣ ከዚህ ውስጥ ወደ ሕዝቡ የደረሰው የትኛው ነው ብለው መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል።